ስምንት ወር በእግሬ

የተወለድኩት ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ነው። በአገው ምድር ለሠርጉም ለለቅሶውም በፈረስ ይኬዳል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በፈረስ ይሞላል፤ እኔም ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ከፈረሰኞቹ መካከል ነበርኩ። ስለዚህ በሰሜን ጀርመን፣ ፌርደን በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ ወጣት ፈረሶች በሚገሩበት ቦታ ሥራ ሳገኝ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ አጥቤያለሁ፣ ሳጥን ተሸክሜያለሁ። አሁን ግን የማውቀው ሥራ መጣልኝ አልኩ።

ፌርደን የሐኖቨር ዝርያ ፈረሶች መናኸሪያ ናት፤ የአርቢዎቹ ማኅበርም የፈረስ ሙዚየሙም እዚያው ነው። ፈረሶቹ ከእኛዎቹ እጅግ ይረዝማሉ። የተሰጠችኝ የ3 ዓመት ባዝራ ጀርባዋ ከአገጬ በላይ ነበር። መልኳ ዳማ ስለሆነ እኔ በልቤ ዳሚት አልኳት፤ በወረቀት ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው።

የግራቱ ኃላፊ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። ምን እንደምችል ሲጠይቁኝ ‹‹መጋለብ›› አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ኮርቻ ሳይሆን ገመድ ሰጡኝ። ‹‹እስከ መጸው ድረስ አትወጣባትም›› አሉኝ። ወሩ መጋቢት ነበር። ተናድጄ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ጀርመኖች ‹‹ቦደንአርባይት›› ይሉታል፤ የመሬት ሥራ ማለት ነው። ሰውየው መሬት ላይ ቆሞ ፈረሱን የሚያስተምርበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከእኔ ጎን መሄድ፣ ስቆም መቆም። ከዚያ ደረቷን በአንድ ጣት ስነካት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት። ኃላፊዋ ደጋግመው የሚያርሙኝ አንድ ነገር ነበር፦ ጣቴን መቼ እንዳነሣሁ። ፈረሷ ለመታዘዝ ገና ስታስብ፣ ክብደቷን ወደ ኋላ ስታዘነብል፣ በዚያች ቅጽበት ጣቴ መነሣት አለበት። የምትማረው በመገፋቷ ሳይሆን ግፊቱ ሲቀርላት ነው። እኔ ደግሞ እጄ ይዘገይ ነበር። ይህን ብቻ ለማረም ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሁሉም ነገር በግራም በቀኝም ይደገማል። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ያያል ለማለት ይቻላል፤ ልክ ከኋላውና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ አያይም። በግራ ዓይኗ የለመደችው ብርድ ልብስ በቀኟ ሲመጣ እንደ አዲስ ያስደነግጣታል። ቀጥሎ በረጅም ገመድ ዙሪያዬን በሶምሶማ መዞር፤ ከዚያም በሁለት ረጅም ዛብ ከኋላዋ እየሄድኩ መንዳት። በዳሚት ኋላ በጫካው መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር በእግሬ እንደሄድኩ አልቆጠርኩትም።

በአምስተኛው ሳምንት ኃላፊዋ ባልነበሩበት ቀን ያደረግኩትን መናገር አለብኝ። ኮርቻ አምጥቼ ጫንኩባትና የሆዷን ጠፍር እንደ አገሬ ልማድ በአንድ ጊዜ ሳብ አድርጌ አጠበቅኩት። ዳሚት ፀጥ አለች። ‹‹ይኸው፣ ምን ነበር ያ ሁሉ ወር?›› ብዬ አንድ እርምጃ ስስባት ፈነዳች። ዘለለች፣ በግድግዳው ላይ ተላተመች፣ ኮርቻው ሆዷ ሥር ዞረ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አስበረገጋት። ስትቆም ላብ በላብ ሆና እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግላስ እንኳ ሊነካት አልቻለም።

ኃላፊዋ አልጮኹብኝም። ‹‹ዝም ማለቷን እሺ ማለት መሰለህ›› አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ያን ሌሊት ያሰብኩት ቡላን ነው። ቡላ የአባቴ ውርንጭላ ነበር፤ የገራነው ገና በሁለት ዓመቱ፣ በአንድ ጠዋት ነው። በታረሰ፣ ዝናብ ባራሰው ማሳ ውስጥ አስገባነው፤ ሁለት ጎረምሶች አፉን ያዙ፣ እኔ ወጣሁበት። እስኪደክመው ዘለለ፣ ከዚያ ቆመ። መንደሩ አጨበጨበልኝ። ቡላ ከዚያ በኋላ ጥሩ ፈረስ ተባለ፤ ነገር ግን እስኪሞት ድረስ ጠፍር ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣብቅ፣ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ክፋት ነው እንል ነበር።

አባቴ የፈረስን ዕድሜ በጥርሱ ይለያሉ፤ አፉን ከፍተው አንዴ ካዩ አይሳሳቱም። ፈረስ የወተት የፊት ጥርሶቹን ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እስከ አራት ዓመት ተኩል ድረስ ይቀይራል። ይህን እዚህ ሲነግሩኝ ክው አልኩ። እኛ ጥርሱን እናይ የነበረው ዋጋውን ለመተመን ነው። በዚያው ዕድሜ፣ ድዱ በሚያመው ወቅት፣ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት ያለውን ልጓማችንን እናስገባበት ነበር። የጀርባ አጥንቱ እድገት ደግሞ አምስት ዓመት አልፎትም ገና አያልቅም።

እሑድ ለአባቴ ደወልኩ፤ የዳሚትንም የቡላንም ነገር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ብዙ ዝም አሉና ‹‹አያትህ እንዲህ አልነበረም›› አሉኝ። ‹‹ውርንጭላውን በገመድ ይዞ ዓመት ሙሉ ከኋላው ገበያ ያስከትለው ነበር። ሰው ሲስቅበት ‹ይልመድ› ይል ነበር። የቸኮልነው እኛ ነን ልጄ።›› አያቴን አላውቃቸውም። ስለ እርሳቸው ከሰማሁት ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ዳሚት ጊዜዋን ወሰደች። ከብርድ ልብስ ጀመርን፣ ከዚያ ቀለል ያለ ጠፍር፣ በየቀኑ አንድ ቀዳዳ። ትንፋሿን ከያዘች እጠብቃለሁ፤ አንገቷን ስትጥልና አፏን ማላመጥ ስትጀምር ብቻ እቀጥላለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ኃላፊዋ ገመዱን ይዘው በሆዴ ጀርባዋ ላይ ተጋደምኩ፤ ይህን ብቻ አራት ቀን አደረግን። በአምስተኛው ቀን እግሬን አሻግሬ ቀና አልኩ። አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ መለሰች፤ ድምፄን ሰማችና በእግሬ ስከተላት የለመደችውን ‹‹ሂድ›› የሚለውን ቃል ስናገር ተራመደች። እጄን ጋማዋ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ኃላፊዋ አይተው ፊታቸውን አዞሩልኝ።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። አባቴ በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው ገመድ ይዘው ወደ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው ኮርቻም ልጓምም የሌለው የ2 ዓመት ውርንጭላ ይከተላል። ‹‹መቼ ትወጡበታላችሁ?›› ብዬ ጻፍኩለት። ‹‹አባዬ ጥርሱ ይለቅ ይላል›› ብሎ መለሰልኝ።