ከበተኗቸው በኋላስ?

ለንደን ውስጥ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ኪራይ ቤት የኖረ ሰው የደረጃውን ጣጣ ያውቀዋል። የኛ ሕንፃ የታች በር ቁልፉ ለረጅም ጊዜ ተበላሽቶ ነበር። ማታ ማታ ልጆች ገብተው ደረጃው ላይ ይሰበሰባሉ። ሙዚቃው፣ ጭሱ፣ ጩኸቱ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ጠዋት ለሥራ ስንወርድ የናይትረስ ኦክሳይድ («የሳቅ ጋዝ») ቆርቆሮዎች እግራችን ሥር ይንከባለላሉ። ጋዙን ለመሳቅ ብሎ መያዝ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ወንጀል ነው፤ ቆርቆሮው ግን አልጠፋም።

ከላይ ያሉት እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዘንቢላቸውን ይዘው «እስቲ አሳልፉኝ ልጆቼ» ሲሏቸው ግን ተነስተው ያሳልፏቸዋል። አንዱ እንዲያውም ዘንቢላቸውን ተቀብሎ በራቸው ድረስ ያደርስላቸዋል። ስለዚህ «ዱርዬ» ብዬ ልዘጋው አልችልም።

ፖሊስ ሲጠራ ይበትናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ልጆቹን እስከ 48 ሰዓት ከአካባቢው ማራቅ ይችላል። ወደ ቀጣዩ ሕንፃ ይሄዳሉ፤ ጊዜው ሲያልፍ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት በጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ዘመን የመጣው «አስቦ» የሚባል፣ ሰፈር የሚረብሹትን የሚያግድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። ከ10 ዓመት ልጅ ጀምሮ «እዚህ ሰፈር እንዳትደርስ» ተብሎ ይታዘዝ ነበር። ትእዛዙን የጣሰ አዋቂ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። እኔም እናት ነኝ። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ቆሞ ቢገኝ አብሮ እንደሚበተን አውቃለሁ፤ ያስፈራኛል። ማታ የሚሄዱበት የወጣቶች ማዕከል ተዘግቶባቸው፣ ከደረጃው ተባረው የት ይሂዱ?

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ መብት አለ። «ኬዝ ሪቪው» ይባላል። በብዙ ቦታ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ አመልክተህ መፍትሔ ካጣህ፣ ካውንስሉ፣ ፖሊስና የቤቶች ድርጅቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን እንዲያዩ መጠየቅ ትችላለህ። በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ የአቤቱታውን ቁጥር ያዙ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።

እኛ እንደዚያ ጠየቅን። ቁልፉ ተቀየረ፣ ደረጃው መብራት ገባለት። የወጣቶች ሠራተኛ ይመደብ ያልነው ግን እስካሁን መልስ አላገኘም። ደብዳቤውን እንደገና እየጻፍን ነው፤ በዚህኛው እትዬም ይፈርማሉ።