ዝርዝሩ ላይ ያልወጣው ሳሙና

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የጅምላ መጋዘን የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ኤስኪዩላይት (SQLite) ነው። ሰርቨር አይፈልግም፤ ሁሉም ነገር እዚያው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፋይል ውስጥ ያድራል። ቀሪው ከ50 ካርቶን ያነሰ ዕቃ ጠዋት ጠዋት «ይታዘዝ» በሚል ዝርዝር ይወጣል።

አንድ ቀን ስቶር ኪፐሩ ደወሉ። «ልጄ፣ ሳሙና እያለቀ ነው። ያንተ ዝርዝር ግን ምንም አይል።»

«ስንት ቀረ ጋሼ?»

«በቢን ካርዴ 40። ኮምፒውተሩም 40 ይላል።» ቢን ካርድ የዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት ካርድ ነው።

የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ሄድኩ። እውነትም ስክሪኑ ላይ 40 ነው። ቀሪው የሚጻፍበትን አምድ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብዬ ስለፈጠርኩት እሱን አልጠረጠርኩም። የጻፍኩትን ኮድ ስፈትሽ ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ታይፕኦፍ በሚባለው ፋንክሽን የዚያን 40 የዳታ ዓይነት ጠየቅኩ። «ቴክስት» አለኝ፤ ጽሑፍ ማለት ነው። ዜሮ የመሰለኝ የእንግሊዝኛው ኦ ፊደል ነበር! የድሮውን መዝገብ ከኤክሴል ስንገለብጥ አብሮ ገብቷል።

ኤስኪዩላይት ላይ ዓይነት የሚያያዘው አምዱ ውስጥ ከተጻፈው ከእያንዳንዱ እሴት ጋር ነው። አምዱ ኢንቲጀር ከተባለ ቁጥር የሚመስለውን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ይለውጣል። መለወጥ ያልቻለውን ግን ሳይቃወም እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ሲያወዳድር ደግሞ ማንኛውም ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ያ ሳሙና መቼም ከ50 በታች ሊሆን አይችልም ነበር። የስህተት መልእክት ደግሞ የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ ሰው ገንዘቡን አምኖ የሚያዝበት ዝርዝር ነዋ።

አምዱን በሙሉ በታይፕኦፍ ስቆጥረው ሌሎችም ወጡ። ኮማ የገባበት 1,200 አለ፤ «35 ካርቶን» ተብሎ የተጻፈም አለ። ጋሼ ከቢን ካርዱ አነበቡልኝ፣ እኔ አረምኩ።

ከ2021 ወዲህ፣ ከኤስኪዩላይት ስሪት 3.37 ጀምሮ፣ ስትሪክት የሚባል የሠንጠረዥ ዓይነት አለ። ኢንቲጀር ከተባለ ፊደል አይቀበልም። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ያለው ስሪት ግን ከዚያ የቆየ ነው። ስለዚህ አዲስ ሠንጠረዥ ፈጥሬ ዓይነቱን በታይፕኦፍ የሚፈትሽ፣ ቼክ የሚባል ደንብ አስገባሁበት። በዚያ ስሪት ነባሩ ላይ ቼክ መጨመር ስለማይቻል ዳታውን ወደ አዲሱ አዛወርኩት።

አሁን ፊደል የገባበት ቁጥር እዚያው ይመለሳል። ጋሼ ቢን ካርዳቸውን አልተዉም። እኔም እንዳይተዉት ለምኛቸዋለሁ።