ባንድ የሚፈርሰው በምንድን ነው?

ቤዝ ጊታር ይዤ በአንድ ባንድ ውስጥ መጫወት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት የባንዳችን አባላት ሲከራከሩ፣ ሲኳረፉ፣ ልምምድ አቋርጠው ሲወጡ፣ ደግሞም በማግሥቱ ተመልሰው መጥተው መሣሪያቸውን ሲቃኙ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች ጨርሰው ተለይተውናል፤ ከሁለቱ የአንደኛው መሄድ በእኔ ጥፋት የመጣ በመሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል። አዲስ ባንድ የሚያቋቁሙ ወጣቶች የሙዚቃ ሰዎች በጠባይም በሐሳብም ሲለያዩ እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን በጽሑፍ ላሰፍረው ወሰንኩ። እኔ የደረስኩበት እምነት፣ በግልጽ የሚካሄድ የሙዚቃ ክርክር ምንም ያህል ቢከር ባንድን እንደማያፈርስና የሚያፈርሰው በሙዚቃ ክርክር ስም ተሸፍኖ የሚገባው ሌላ ቅሬታ መሆኑ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአገራችን የዜማ ቅኝቶች አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ የተሠራ አንድ አዲስ ዘፈን ስንለማመድ ኪቦርድ ተጫዋቻችንና ማሲንቆ ተጫዋቻችን ለአምስት ሳምንታት ያህል ሊግባቡ አልቻሉም። ነገሩ የቅኝቱን ጠባይ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። አንቺሆዬን ከዶ ብንጀምረው ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ናቸው («ፍላት» ማለት በግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው)። ሶል በንጹሕ ድምፁ ስለሌለ፣ በመነሻው በዶ ላይ እንደ ልማዱ ሦስት ድምፅ በአንድነት የሚያሰማ ሙሉ ኮርድ መሥራት አይቻልም። በአንጻሩ ፋ፣ ላ እና ዶ ሦስቱም በቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ፋ ሜጀር ኮርድ ያለ ምንም ችግር ይገኛል። ኪቦርዲስቱ የዘፈኑን አዝማች በዚህ ኮርድ ላይ አሳረፈው፤ ለሬዲዮ ጆሮ የሚጥም፣ ሰፊና ብሩህ ድምፅ ነበር። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን ዘፈኑ ከቤቱ እንደወጣበት ተሰማው፤ እውነትም ነበር፤ ያ ኮርድ በተደጋገመ ቁጥር የሰሚው ጆሮ መነሻውን ከዶ ወደ ፋ ያዛውረዋልና አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያደርገው ጭንቀት ይጠፋል። በዚህ ላይ ማሲንቆ ጣት በተመራበት ሁሉ የሚሄድ ባለ አንድ ጅማት መሣሪያ ሲሆን፣ የኪቦርድ ድምፆች ግን በፋብሪካ ተለክተው የተቀመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ድምፅ እየተጫወቱ እንኳ በጥቂቱ ይፋጩ ነበር።

ክርክሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ትምህርት በሆነ ነበር። ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ንግግሩ ከዘፈኑ ወደ ሰዎቹ ተሻገረ። ማሲንቆ ተጫዋቹ «ዘፈኑን ፈረንጅ አደረግኸው» አለ፤ ኪቦርዲስቱም እስከዚያ ቀን ድረስ «ጋሼ» እያለ ያከብረው የነበረውን ታላቁን በባዶ ስሙ ጠርቶ «ኮርድ የማያውቅ ሰው ስለ ኮርድ አይፈርድም» ብሎ መለሰለት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንደኛው ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለደና ሙያውን ከአባቱ እጅ የተቀበለ፣ ሌላኛው ደግሞ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ኖታ አጥንቶ የተመረቀ በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ሁለቱም የተነካባቸው ዘፈኑ ሳይሆን ያደጉበት መንገድ ነበር።

በዚያ ሳምንት የወሰድነው እርምጃ ቀላል ነበር፤ እስከ አሁንም አልተውነውም። ሁለቱንም ቅንብር ሙሉ በሙሉ ተጫውተን በስልክ ቀዳን፣ ለሁለት ቀን ማንም እንዳይሰማው ተስማማን፣ ከዚያም ተሰብስበን ምንም ሳንነጋገር አዳመጥነው። አንድ ጥብቅ ሕግም ጨመርንበት፦ እያንዳንዱ ሰው የተቃወመውን ቅንብር ሲጫወት የራሱ ሐሳብ ያህል አሳምሮ መጫወት አለበት። ይህ ሕግ ከሁሉም የከበደና ከሁሉም የጠቀመ ነው፤ ባንድ ውስጥ ሐሳብ የሚገደለው ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ በተልካሻ አጨዋወት ነውና። ቀረጻውን ስንሰማ ኪቦርዲስቱ ራሱ በድምፃዊቷ ክፍል ላይ ኮርዱ እንደሚከብድ ተናገረ። በመጨረሻ እኔ በቤዝ ዶን ብቻ ይዤ እንድቆይ፣ ኪቦርዱ ግጥሙ በሚዘፈንበት ጊዜ ዝም እንዲል፣ በሳክስፎኑ ሶሎ ላይ ግን ኮርዶቹን እንዳሻው እንዲዘረጋ ተስማማን። ዘፈኑ ከሁለቱም የመጀመሪያ ሐሳብ የተሻለ ሆኖ ወጣ። ኪቦርዲስቱ በሚቀጥለው ልምምድ ለማሲንቆ ተጫዋቹ ቡና ይዞለት መጣ፤ «ጋሼ»ም ተመለሰ።

የድራመራችን ታሪክ ግን እንዲህ አላበቃም። ጥሩ ድራመር ነበር፤ የስድስት ስምንተኛውን የጭፈራ ምት ሲይዝ ወለሉ የሚነሳ ይመስላል። ሆኖም በጥር የሠርግ ወቅት ልምምድ ላይ ማርፈድ፣ ምቱንም ከተስማማነው ማፍጠን ጀመረ። እኔ ይህን ግዴለሽነት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ምሽት በአንድ የምሽት ክበብ ከሥራ በፊት በሚደረገው የድምፅ ፍተሻ (ሳውንድ ቼክ) ላይ ሳለን፣ የቤቱ ሠራተኞችና የድምፅ ባለሙያው እየሰሙ፣ በማይክራፎን «እባክህ ዛሬ እንኳ ምቱን ጠብቅልን» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። የዚያን ምሽት ሥራ እንከን በሌለው አጨዋወት ፈጸመና ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቀረ።

እውነቱን የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ከሌላ ሰው ነው። በዚያ ወቅት ለባንዱ አባላት በግል የሚመጡ የሠርግ ሥራዎችን እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንከፋፈላቸው ነበር፤ እሱን አንድም ቀን አልጠራነውም። የተውነው ስለጠላነው አልነበረም፤ ሠርግ ላይ ብዙ ጊዜ ድራሙ ከኪቦርድ ስለሚወጣ ድራመር ባለማስፈለጉ ነበር። እሱ ግን እንደተገፋ ቆጠረው፤ እኛም አልነገርነውም፤ እሱም አልጠየቀም። ምቱ የፈጠነው ሆዱ ስለሻከረ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ምቱ ብቻ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ተናገርኩ። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚሉት ለልምምድ ክፍልም ይሠራል። ይሉኝታ በብዙ ነገር የሚያኮራን ጠባያችን ነው፤ ባንድ ውስጥ ግን ቅሬታን በሆድ አስቀምጦ በመሣሪያ የሚያስናግር ክፉ ጎን አለው።

ሌላኛው የተለየን ሊድ ጊታሪስታችን በዱባይ ሥራ አግኝቶ ነው የሄደው፤ በመካከላችን ጠብ የለም። ታዋቂው የአገራችን ዋሊያስ ባንድም እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሉ አባል እዚያው ሲቀር ከፊሉ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ እዚያው ከቀሩት አንዱ የሆነው ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን ይዞ ብቻውን ካሴት ቀርጿል። ሰው ኑሮውን ሲመርጥ እንደ ክህደት መቁጠር አይገባም።

ከድራመሩ ወዲህ የገንዘብን ጉዳይ ከሙዚቃው ለየነው። በወር አንድ ቀን፣ መሣሪያ በሌለበት ቦታ፣ ቡና ይዘን ስለ ክፍያና ስለ ግል ሥራዎች ብቻ እንነጋገራለን። የሥራ ባለቤትነትንም ቅንብሩ ከመጀመሩ በፊት እንጽፋለን። በእኛ አገር ልማድ የዘፈን ሥራ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ነገር ግን ሰባት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ያበጀውን ቅንብር በአንድ ሰው ስም መመዝገብ የብዙ ቅያሜ ምንጭ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጋራ ለተሠራ ሥራም፣ ለከዋኞችም እውቅና ይሰጣል፤ ጽሑፉን ግን አስቀድመን ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነው። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ለረጅም ዓመታት ዘፈኖቹን በየደራሲው ስም ሲያወጣ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው አልበም ሁሉንም በባንዱ የጋራ ስም ማስመዝገቡ የእኛን ውሳኔ አቅልሎልናል። እኛም ግጥምና ዜማን ለደራሲዎቹ ትተን ቅንብሩን የሰባታችን አድርገነዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ነገር ሲከር ከውጭ ሰው ማስገባት ይጠቅማል። የእንግሊዝ ባንድ የነበሩት ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1969 እርስ በርስ ተሰላችተው ጊታሪስታቸው ጆርጅ ሃሪሰን ልምምዱን ጥሎ ከሄደ በኋላ፣ ሲመለስ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቢሊ ፕሬስተን በእንግድነት ተቀላቅሏቸው የክፍሉ መንፈስ ተለውጦ ነበር፤ እንግዳ ባለበት ሰው አንደበቱን ይጠብቃል። ለእኛ ይህን የሚያደርጉልን በደርግ ዘመን በሆቴሎች ይጫወቱ የነበሩ አንድ አንጋፋ ሳክስፎኒስት ናቸው። ስንጋጭ መጥተው ጥግ ይቀመጣሉ፤ ብዙም አይናገሩም። አንድ ጊዜ ግን በሰዓት እላፊው ምክንያት ሙዚቀኛውም ታዳሚውም እስከ ንጋት በአንድ አዳራሽ ተዘግቶበት ያድር እንደነበር አጫወቱን። «ተኳርፈን የምንወጣበት በር አልነበረም፤ ጀርባ ተሰጣጥተንም ቢሆን እስኪነጋ እንጫወት ነበር» አሉ። እኛ ወደ ቤት የሚወስደን ታክሲ ሁልጊዜ ደጅ ላይ አለ፤ ስለዚህ ከክርክር በኋላ አንድ ዘፈን አብሮ ሳይጫወት ማንም ከክፍሉ እንዳይወጣ ሕግ አወጣን።

ድራመሩን ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሰምቶኝ ይቅር ብሎኛል፤ ወደ ባንዱ ግን አልተመለሰም፤ አሁን በሌላ ባንድ ይጫወታል። በሚቀጥለው ወር ወደ ስቱዲዮ እንገባለን፤ አዲሱ ድራመራችን ሁሉም ዘፈን ምቱን እኩል በሚቆጥር መሣሪያ (በሜትሮኖም) እንዲቀረጽ ይፈልጋል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ደግሞ የጭፈራ ዘፈን ወደ መጨረሻው እየፈጠነ ካልሄደ ይሞታል ይላል። ማክሰኞ በሁለቱም መንገድ ቀድተነዋል፤ የምናዳምጠው ሐሙስ ማታ ነው።