ሦስተኛው ቢላ እና የእማዬ ምጣድ

ባለፈው ጽሑፌ «በእጄ የምሠራው ሁለተኛው ቢላ ተሠርቶ አለቀ» ብዬ ፎክሬ ነበር። ፉከራው የቆየው ሦስት ቀን ነው። ከእጄ አመለጠኝና ሲሚንቶ ላይ ወደቀ፤ ጫፉ ቀጭ ብሎ ሁለት ጣት ያህል ተቆረጠ። ስብራቱን ብታዩት ብረት አይመስልም፤ ግራጫ ስኳር ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ደግሞ አግዬ ውሃ ውስጥ ስነክረው ነበር የተሰነጠቀው። እንግዲህ የዛሬው ወሬ ስለ ሦስተኛው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ስለ ምጣድ ነው።

ለአዲሶች፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጓሯችን ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የድሮ ወታደሮች ይታጠቋቸው የነበሩ ቢላዎችን አምሳያ እሠራለሁ። ያለኝ አንድ ሞርሳ (ብረት አጥብቆ መያዣ)፣ አንድ ግራይንደር፣ ሁለት ሞረድና መዶሻ ነው። ወናፌ የእህቴ አሮጌ ፀጉር ማድረቂያ ነው። መስፍ የለኝም፤ የምቀጠቅጠው በወፍራም ብረት ቁራጭ ላይ ነው።

ይሄኛው ኬባር እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር (ማሪኖች) ቢላ አምሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ላይ ነው ለባሕር ወለድ ጦራቸው የተመረጠው። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ ነሐስ ጣት መያዣ ቢላ ለመዋጋት ካልሆነ ለሌላ ሥራ አይመችም ነበር። ወታደር ደግሞ ከመዋጋቱ ይልቅ ቆርቆሮ ሲከፍት፣ እንጨት ሲፈልጥና አፈር ሲጭር ነው የሚውለው። ስለቱ 18 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ጠቅላላው 30 ነው። እጀታው እርስ በርስ የተደራረበ ክብ ቆዳ ነው። በጎኑ ያለውን ቦይ ብዙ ሰው «ደም መውረጃ» ይለዋል። ተረት ነው! ክብደት ለመቀነስ ነው የሚወጣው። ባለሁለት ስለቱን የእንግሊዝ ኮማንዶ ጩቤም አስቤው ነበር። ቆንጆ ነው፤ ግን ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። የተሰበረ ጫፍ ደግሞ ይበቃኛል።

ብረቱን መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፤ የአይሱዙ ባሌስትራ (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) ቁራጭ። አዲሱ ገበያ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ ብረቱን አየና «ይሄም ይከፍላል» አለኝ። ከፈልኩ። ባሌስትራ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው፤ ካርቦኑ በቂ ነው፣ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ እንደ ሞረድ ብረት ቶሎ አይሰነጠቅም። ችግሩ ውፍረቱ ነው። የኔው 10 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ወደ 4 ለማውረድ ሁለት ቅዳሜ ቀጥቅጬ አንድ እሁድ ሞረድኩ። ስለዚህ ክፍል ብዙ አልልም። ክንድ ነው፣ ላብ ነው፣ ጎረቤት ነው።

ዋናው ነገር እሳቱ ነው። እስካሁን ብረቱን ከሰል ላይ የማግለው ቀን፣ በፀሐይ ብርሃን ነበር። ሰፈራችን ያሉ አንድ ባለእጅ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ በፀሐይ የብረት ቀለም አይታይም። ማታ አድርገው» አሉኝ። ጋሼን ሰማኋቸው። በጨለማ ልዩነቱ ለጉድ ነው። ቀን ላይ ገና ያልጋለ የሚመስለው፣ ማታ ብርቱካን ሆኖ ታየኝ። ለካ ሁለቱንም አቃጥያቸው ነበር! ብረት ከ770 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ማግኔት አይስበውም። እኔም ማግኔት በሽቦ አንጠልጥዬ እየሞከርኩ፣ መሳብ ካቆመ በኋላ ትንሽ ብቻ ጨመርኩና አወጣሁት። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይግላል፤ እሱን ከከሰሉ ወጣ ገባ ማድረግ ነው።

ዘይቱ አሳቀኝ። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነበር ያዘጋጀሁት። የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሄጄ ሳየው እንደ ቅቤ ረግቷል። ለነገሩ ዘይቱ ለብ ማለት አለበት፤ 50 ወይም 60 ዲግሪ ሲሆን ነው ብረቱን በደንብ የሚይዘው። አንድ የጋለ ብረት ቁራጭ ከትቼበት አቀለጥኩት። ከዚያ ቢላውን ቀጥ አድርጌ ነከርኩ። ፍሽሽሽ! ጭሱ እስከ አጥር ሄደ። ካወጣሁት በኋላ በሞረድ ሞከርኩት። ሞረዱ እንደ ብርጭቆ ላይ ተንሸራተተ። ጠንክሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው የሞተብኝ። የተነከረ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን ተሰባሪ ነው። ወዲያው በመጠነኛ ሙቀት መለዘብ አለበት። ያኔ ኦቨን ውስጥ ከትቼው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። «ይበቃዋል» ብዬ ተውኩት። አልበቃውም።

ዘንድሮ ኦቨኑም ተበላሽቷል። ቤት ውስጥ 200 ዲግሪ የሚደርስ ምን አለ ብዬ ሳስብ ዓይኔ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ አረፈ። እንጀራ የሚጋገረው እዚያው አካባቢ ባለ ሙቀት ነው። እማዬ ስትሰማ «በእመብርሃን! ምጣዴ ላይ ጎራዴ ልትጋግር ነው?» አለች። ምጣዱን ላልነካባት ማልኩ። ትሪ ላይ ደረቅ አሸዋ ዘርግቼ፣ ቢላውን አሸዋው ላይ አጋድሜ፣ ትሪውን ምጣዱ ላይ አስቀምጬ አክንባሎውን ደፋሁበት።

የሙቀት መለኪያ የለኝም፤ መለኪያዬ ቀለም ነው። ብረቱን አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ካሻችሁት፣ ሲሞቅ ቀለም ያወጣል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። የምፈልገው ገለባው ጠቆር ሲል ነው፤ ልክ የጠጅ ቀለም። አክንባሎውን በከፈትኩ ቁጥር እማዬም አብራ ታያለች። በመጨረሻ «አሁን ጠጅ ሆኗል፣ አውጣው» ያለችው እሷ ናት። አቀዝቅዤ ደገምኩት፤ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት።

እጀታው ላይ ግን ተበላሁ። ከጫማ ሰፊ የለመንኩትን ቁርጥራጭ ቆዳ በውሃ አርሼ ደረደርኩ። ሲደርቅ ተኮማተረና እጀታው ይሽከረከር ጀመር። ፈትቼ በደረቅ የሶላ ቆዳ ቀየርኩት፤ ሙጫ ቀብቼ አራት ቀን ሞርሳ ውስጥ አጥብቄ አቆየሁት። ከእጀታው ኋላ ያለውን ብረት በፒን ወጋሁት። አሁን አይነቃነቅም፤ ግን አንዱ ጎን ትንሽ ወፍሯል። ፎቶ የማነሳው በሌላኛው ጎን ነው።

ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ሃምሳ ጊዜ መታሁበት። ስለቱ አልተጎረደም። ጫፉን እንጨት ውስጥ ሰክቼ ጎበጥ አደረግኩት፤ ተመልሶ ቀና። በመጨረሻ የድልህ ቆርቆሮ ከፈትኩበት። ጫፉ የተሰበረውን ሁለተኛውን ደግሞ እማዬ ወስዳዋለች። አሳጥሬ ሳልኩላት፤ ሽንኩርት እየከተፈችበት ነው።

ቀጣዩ የጎራዴ ቅርጽ ያለው አጭር የጦር ሰፈር ቢላ ነው። ባሌስትራው ተቆርጧል፣ ከሰሉም አለ። ምጣዱ ግን የበዓል እንጀራ እስኪያልቅ አይለቀቅልኝም።