በሌሊት ፈረቃ የተዋወቅሁት የለንደን ሙዚቃ

ስለ ለንደን የስደት ኑሮ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የቤት ኪራዩንና ብርዱን ነው። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት በዚህ ከተማ እንግድነቴን ስላቀለለልኝ ሙዚቃ ነው፤ ይኸውም ጀንግል፣ ዩኬ ጋራጅና ደብስቴፕ እየተባለ ስለሚጠራው፣ ከትልልቆቹ ሬዲዮ ጣቢያዎችና ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ደጅ ውጭ ስላደገው የእንግሊዝ የጭፈራ ሙዚቃ። ብዙ ወገኖቼ ጩኸት ነው ብለው እንደሚያልፉት አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ሙዚቃ በአብዛኛው በስደተኞች ልጆች እጅ የተሠራ ስለሆነ እኛ ልናልፈው አይገባም ባይ ነኝ።

የተዋወቅሁት በ2004 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በደቡብ ለንደን በአንድ የአውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የጽዳት ሥራ ይዤ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ለንደን የተወለደ የጃማይካውያን ልጅ ሲሆን፣ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ በተዛወርን ቁጥር ትንሽ ሬዲዮውን ይዞ እየገባ ሾፌሩ መቀመጫ ላይ ያስቀምጣት ነበር። መርፌዋ ሁልጊዜ 100.3 ላይ ነበረች። ያ ጣቢያ ሪንስ ኤፍ ኤም ነው። በ1994 የተቋቋመ ሆኖ በዚያን ጊዜ ፈቃድ አልነበረውም፤ ወጣቶቹ ሌሊት በረጃጅም ፎቆች ጣሪያ ላይ አንቴና ይተክላሉ፣ መንግሥት ይነቅለዋል፣ እነርሱም መልሰው ይተክሉታል። በ2005 ከመሥራቾቹ አንዱ በምሥራቅ ለንደን ከፎቅ ጣሪያዎች ላይ እንዳይወጣ በፍርድ ቤት ታገደ። ጣቢያው ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘው በ2010 ሲሆን ዛሬም በ106.8 ይሰማል። ለአንድ የሙዚቃ ዓይነት አየር ላይ መቆየት ይህን ያህል የሚደክሙ ሰዎች መኖራቸው በጊዜው በጣም ደንቆኝ ነበር።

አሠራሩን ያስረዳኝ ይኸው የሥራ ባልደረባዬ ነው። የጀንግል መሠረት በ1969 ዘ ዊንስተንስ የተባለ የአሜሪካ ባንድ ባሳተመው «አሜን፣ ብራዘር» በሚባል ሙዚቃ ውስጥ የድራም ተጫዋቹ ግሪጎሪ ኮልማን ለስድስት ሰከንድ ያህል ብቻውን የሚመታበት ቦታ ነው። የለንደን ወጣቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያችን ስድስት ሰከንድ በማሽን ቀድተው፣ ቆራርጠውና አፍጥነው በደቂቃ ከ160 በላይ ምት አደረሷት፤ ከሥሯ ደግሞ በግማሽ ፍጥነት የሚሄድ የጃማይካ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙንና ዝቅተኛውን ድምፅ፣ አኖሩ። ስለዚህ አድማጩ ከፈለገ በድራሙ ይሮጣል፣ ካልፈለገ በቤዙ ይወዛወዛል። በእኛ ችክችካ እግሩ ላይ የሚሄደውና ትከሻው ላይ የሚሄደው ምት የተለያየ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮልማን ከዚህ ሁሉ ምንም ሳያገኝ በ2006 አረፈ። በ2015 አድናቂዎች ገንዘብ አዋጥተው 24,000 ፓውንድ ለባንዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር መስጠታቸውን ስሰማ፣ ለኮልማን ሳይደርስ መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ባልደረባዬ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ አያያዙ ተለወጠ። እናቱ ራስተፈሪያን ነበሩ፤ ቤታቸው የጋበዙኝ ዕለት ሳሎናቸው ውስጥ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከአንበሳው ባንዲራ ጋር ተሰቅሎ አየሁ። እኔ ስለ ጃንሆይ ዘመን ቤታችን ውስጥ የሰማሁት ከዚያ የተለየና የተደባለቀ ነገር ነበር፤ ቢሆንም እኒያ እናት «ከየት ነህ?» ብለው ጠይቀው «ከደሴ» ስላቸው ተነሥተው ሁለቱን እጆቼን መያዛቸውን አልረሳውም። ከጃማይካ የመጡት ስደተኞች በ1950ዎቹ የነጮቹ ጭፈራ ቤቶች በር ሲዘጋባቸው ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ስፒከሮችን እየሠሩ በየቤታቸው መጨፈር መጀመራቸውን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሳውንድ ሲስተም የሚባለው ይህ ነው፤ ጀንግልም ደብስቴፕም ከዚያ የወጡ ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ በኖቲንግ ሂል ካርኒቫል አባ ሻንቲ አይ የተባለው የሳውንድ ሲስተም ባለቤት ስፒከሮቹን ደርድሮ ሲያጫውት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ባንዲራ ኢትዮጵያን ረግጠው በማያውቁ ሰዎች እጅ ማየት የሚያሳድረውን ስሜት፣ ሄዶ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል።

በደቡብ ለንደን ወደሚገኘው ብሪክስተን የወሰደኝም ባልደረባዬ ነው። ዲኤምዜድ የሚባለው የደብስቴፕ የጭፈራ ዝግጅት በመጋቢት 2005 የተጀመረው በ1824 በተመረቀው በቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ በነበረ ክለብ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ላደገ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም፤ ደጃፉ ላይ አማትቤ ለጥቂት ጊዜ ቆሜያለሁ። ውስጡ ግን የጠበቅሁት ዓይነት ግርግር የለም። ቤቱ ጨለማ ነው፣ መብራት ያለው ዲጄው ጋ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ስፒከሮቹ መልሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። የዝግጅቱ መሪ ቃል በቤዙ ክብደት እንድንመሰጥ የሚጋብዝ ነበር፤ በእርግጥም እንደዚያ ነበር። ደብስቴፕ በደቂቃ 140 ምት ይቆጠራል፣ ነገር ግን ዋናው ምት የሚያርፈው ሦስተኛው ላይ ብቻ ስለሆነ በግማሹ ፍጥነት የሚሄድ ይመስላል። ቤዙ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ከጆሮ ይልቅ በደረትና በጉሮሮ ይሰማል፤ የለበስኩት ሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይዤው ነበር።

የዝግጅቱ ባለቤቶች ማላ፣ ኮኪና ሎፋ ሲሆኑ፣ የሚያጫውቱት አብዛኛው ሥራ ገና አልታተመም ነበር። ሠርተው እንደጨረሱ ፎረስት ሂል ወደሚገኘው ትራንዚሽን ስቱዲዮ ወስደው በአንድ ቅጂ ብቻ ያስቀርጹታል። ደብፕሌት የሚባለው ይህ ሸክላ ሽፋኑ ለስላሳ በመሆኑ በተጫወተ ቁጥር እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ የማላን «አንቲ ዋር ደብ» ለወራት መስማት የሚቻለው ማላ ባለበት ተገኝቶ ብቻ ነበር፤ በ2006 ሲታተም ሸክላውን ከገዙት አንዱ ነኝ፣ አሁንም አለኝ። ቤቱ አንድን ሙዚቃ ከወደደው ሰው ግድግዳውን ይደበድባል፣ ዲጄውም ሸክላውን በእጁ ወደ ኋላ መልሶ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። አዝማሪ ቤት አድማጩ ግጥም እየሰጠ ዘፈኑን እንደሚመራው ሁሉ፣ እዚያም የሌሊቱን አካሄድ የሚወስነው ሕዝቡ ነበር። አንደኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ዝግጅቱ በላይኛው ፎቅ ወዳለው ሰፊ አዳራሽ ተዛወረ።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች «ሚድናይት ሪኩዌስት ላይን» የተሰኘውን የስክሪም ሥራ የማያነሣ የለም፤ የክሮይደኑ ልጅ ያንን በ2005 ሲያወጣ ገና አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በ2007 ሃይፐርደብ በተባለው አሳታሚ የወጣው፣ በሪያል የተባለው ሙዚቀኛ «አንትሩ» አልበም ነው። የዝናብና የሸክላ ጭረት ድምፅ አለበት፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ ተቆራርጦ ይመጣል። ከፈረቃ ወጥቼ በሌሊት አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ስሰማው፣ ያች ሰዓት የሥራ ሰዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የጥበቃዎች መሆኗን የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ይሰማኝ ነበር።

አዲሱን ሙዚቃ የማገኘው በልጄ በኩል ነው። እዚሁ ተወልዳ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ የኒያ አርካይቭስን ሥራ ስታሰማኝ «አባዬ፣ ይሄኮ ያንተ ሙዚቃ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ከብራድፎርድ የመጣችው ይህች ወጣት በ2022 ሞቦ የተባለውን የጥቁር ሙዚቃ ሽልማት በኤሌክትሮኒክና ዳንስ ዘርፍ አሸንፋለች፤ ዘርፉ እንዲካተት አስቀድማ አዘጋጆቹን በደብዳቤ የጠየቀችው ራሷ መሆኗን ሳውቅ ይበልጥ አከበርኳት። በ2024 ባወጣችው «ሳይለንስ ኢዝ ላውድ» በተሰኘው አልበሟ ግን አንዳንድ ዘፈኖች ላይ ዘፈኑ በርትቶ ቤዙ ቦታ ያጣ ይመስለኛል፤ ልጄ በዚህ አትስማማም፣ ቃሉን ስማ እንጂ ቤዙን ብቻ አትቁጠር ትለኛለች። ሁለታችንም የተስማማንበት የጀንግል ሠሪዎቹ ቲም ሪፐርና ክሎክ በዚያው ዓመት በሃይፐርደብ ያወጡት «ኢን ፉል ኢፌክት» ነው። ያቺው የኮልማን ድራም እዚያ ውስጥ አለች፣ አቆራረጧ ግን በ1994 ማንም ያልደፈረው ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ወገኔ በጀንግል ሙዚቀኛው በጎልዲ «ኢነር ሲቲ ላይፍ» እንዲጀምር፣ የዘፋኟ የዳያን ሻርለማኝ ድምፅ መንገዱን ያቀናለታልና፣ ከዚያ «አንቲ ዋር ደብን»፣ በመጨረሻም የቲም ሪፐርንና የክሎክን አልበም እንዲያስከትል እመክራለሁ። በስልክ ስፒከር ከሆነ ግን ባይሰማው ይሻላል፤ ሙዚቃው የተሠራበት ዝቅተኛው ድምፅ ከስልክ አይወጣምና ቢያንስ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይዋስ።