ከሳሊሲሊክ አሲድ እስከ ኮሶ፦ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ትምህርቴ የደረሰበት

የመድኃኒት ኬሚስትሪ እያጠናሁ ነው ስል ብዙዎቻችሁ «ታዲያ ፋርማሲ ለምን አልገባህም?» ትሉኛላችሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ምደባው ኬሚስትሪ አመጣልኝ፣ እኔም ወደድኩት። ፋርማሲ ያሉ ጓደኞቼ መድኃኒቱ ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ በጥልቀት ይማራሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ይህ ሞለኪውል ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ? አንድ ክሎሪን ቢጨመርበት፣ አንድ ሃይድሮክሲል (ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን የያዘ ቅርንጫፍ) ቢሸፈንበት ምን ይሆናል? እንግሊዝ አገር ይህን ጥያቄ ብቻ ይዞ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ሞልቷል። ደብረ ብርሃን እኔ ያለሁበት ክፍል ግን መደበኛው ኬሚስትሪ ስለሆነ፣ ኦርጋኒኩንና ባዮኬሚስትሪውን ከመምህራኖቼ እየተቀበልኩ ስፌቱን ራሴ እሰፋለሁ።

ይህን ትምህርት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው የመድኃኒት ቤተሰቦችን ዝርዝር ነው፤ ፔኒሲሊኖች፣ ሰልፋዎች፣ ስታቲኖች እያለ ይሸመድዳል። ፈተና ያሳልፋል፣ ከፈተና በኋላ ግን አብሮ አይቆይም። እኔ የመረጥኩት አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ይዞ ወደ ሄደችበት መከተልን ነው። ሳሊሲሊክ አሲድን ያዝኩ። አንድ የቤንዜን ቀለበት (ስድስት ካርቦኖች የተያያዙበት)፣ በላዩ ላይ ጎን ለጎን አንድ ሃይድሮክሲልና አንድ ካርቦክሲል (አሲድ የሚያደርጋት ቡድን)፣ በቃ። የሞለኪውል ክብደቷ 138 ገደማ ነው። እስክሪብቶ ለያዘ ሰው ለመሳል አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

የመጀመሪያዋ ጉዞዋ ወደ አስፒሪን ነው። የባየሩ ኬሚስት ፌሊክስ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1897 ንጹሕ አድርጎ የሠራው መድኃኒት ከሳሊሲሊክ አሲድ የሚለየው ሃይድሮክሲሏ ላይ አሴቲል (የኮምጣጤ አሲድ ቁራጭ) ስለተጫነበት ብቻ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሁላችንም የመጀመሪያ «መድኃኒት» ይኸው ነው፤ 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ አሴቲክ አንሃይድራይድ፣ ጥቂት ጠብታ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሙቅ ውሃ። በስሌት 2.6 ግራም አስፒሪን መውጣት አለበት፤ በተግባር ከዚያ ያነሰ ይወጣል፣ ምክንያቱም ማጣሪያው ወረቀት፣ የቢከሩ ግድግዳና የማጠቢያው ውሃ ሁሉም ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

እዚህ ላይ ደብረ ብርሃን የራሷን ትምህርት ትጨምራለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ቀንሷል። መጽሐፉ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ይፈላል ይላል፣ የእኛ ቴርሞሜትር 70 አካባቢ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስም ይላል። ውሃም 100 አይደርስም፣ በ91 ገደማ ይንፎለፎላል። ስለዚህ እዚህ ያለ ተማሪ ስለ አንድ ፈሳሽ ማንነት የመፍላት ነጥብን ከመጽሐፍ ጋር አስተያይቶ መፍረድ የለበትም፤ መጀመሪያ ለከፍታው ማስተካከል አለበት። የመቅለጥ ነጥብን ግን ከፍታ አይነካውም ለማለት ይቻላል። አስፒሪን 135 አካባቢ ይቀልጣል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ 158 አካባቢ፤ ይህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ያው ነው።

ብርዱም ሥራ ይሠራል። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ በታች ይረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠርሙሱን ስታነሱ ውስጡ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው። በሌላ በኩል ክሪስታል ለማውጣት በረዶ ፍለጋ አንሯሯጥም። ቢከሩን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል፣ መርፌ መርፌ የሚመስለው አስፒሪን ራሱ ይመጣል። ቆላ ያላችሁ ጓደኞቼ በዚህ ብትቀኑ አልፈርድባችሁም።

የወጣው ነገር በእርግጥ አስፒሪን መሆኑን የሚነግረን ፌሪክ ክሎራይድ ነው። ሐምራዊ ከሆነ ያልተሸፈነ ሃይድሮክሲል አለ፣ ማለትም ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቷል። ይህችን ፈተና በቸልታ አትለፏት። የመድኃኒት ኬሚስትሪ ፍሬ ነገር እዚህ ውስጥ አለ፤ አንዲት የተሸፈነች ሃይድሮክሲል የሞለኪውሉን ጠባይ ትለውጣለች። እርጥበት ያገኘው የከረመ አስፒሪን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውም ያ ሽፋን ተመልሶ ስለሚወልቅ ነው።

የሽፋኑ ጥቅም ግን ለማሽተት አይደለም። አስፒሪን ሳይክሎኦክሲጂኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም ሲያገኝ አሴቲሉን ለኢንዛይሙ ሴሪን (ኢንዛይሙ ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ኢንዛይሙም በዚያው ይዘጋል። የደም ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱት) ኒውክሊየስ ስለሌላቸው አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችሉም፤ ስለዚህ የአንዲት ትንሽ ክኒን ውጤት ፕሌትሌቱ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሳምንት በላይም፣ ይዘልቃል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን አስፒሪን የፕሮስታግላንዲን (በዚያ ኢንዛይም የሚሠራው ሕመምና ትኩሳት ቀስቃሽ) ምርትን እንደሚያግድ እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሆፍማን ከሠራው ከሰባ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሰው መድኃኒቱን ሲውጥ ኖሮ አሠራሩን ያወቀው በኋላ ነው።

አሁን እኔን በጣም ያስደሰተኝ መታጠፊያ ላይ ደረስን። ሳሊሲሊክ አሲድን ይዛችሁ ካርቦክሲሏን ከአሚን (ናይትሮጅን ከያዘ ቡድን) ጋር አያይዙ፣ ክሎሪኖችና አንድ ናይትሮ ቡድን በየቦታቸው አስቀምጡ፤ ኒክሎሳሚድ ይሆናል። የኮሶ ትል መድኃኒት! ጥሬ ሥጋ በምንወድበት አገር ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው፣ ትልልቆቹ ዛሬም በድሮው የንግድ ስሙ ዮመሳን ይሉታል። አሠራሩ ውብ ነው። ፌኖሉ (ቀለበቱ ላይ ያለው ሃይድሮክሲል) ደካማ አሲድ ስለሆነ ፕሮቶን ይዞ የትሉን የማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ሽፋን ይሻገራል፣ ወዲያ ማዶ ይጥለዋል፣ ተመልሶ ሌላ ያመጣል። ትሉ ኤቲፒ (ሕዋስ ኃይል የሚያገኝበት ሞለኪውል) ለመሥራት ያጠራቀመው የፕሮቶን ልዩነት በከንቱ ይፈስሳል። ደግሞ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ለሌላ መድኃኒት ይህ እንከን ይባል ነበር፤ ጠላቱ አንጀት ውስጥ ለሆነ መድኃኒት ግን ከዚህ የተሻለ ምን አለ? «ጥሩ መድኃኒት በደንብ ወደ ደም የሚገባ ነው» የሚለውን ደንብ በጭፍን ለሚደግሙ ሁሉ ኒክሎሳሚድን እጠቅሳለሁ።

ከዚያ ወደ ራሱ ወደ ኮሶ ሄድኩ፤ ሰሜን ሸዋ ላይ ሆኖ አለመሄድ አይቻልም። በጣርማ በርና በአንኮበር መካከል ባለው የወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ከጥዱና ከዝግባው ጋር የኮሶ ዛፍ አለ። ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አንኮበር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ቀዩን ነው የምትለቅመው። የከረመ ከሆነ ደግሞ ተወው፣ ሆድህን ከማመስ በቀር ትሉን አይነካውም» አሉኝ። እኔ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን፣ ኮሶ ሲቆይ ኃይሉን እንደሚያጣ፣ እሳቸው ምንም ቀለበት ሳይስሉ ያውቁታል።

በአበባው ውስጥ ያሉት ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የፍሎሮግሉሲኖል ዘሮች ናቸው፤ ፍሎሮግሉሲኖል ማለት ሦስት ሃይድሮክሲል የተቀመጡበት የቤንዜን ቀለበት ነው። በደብተራችሁ ላይ ስትስሏቸው ሃይድሮክሲል ከካርቦኒል (ከኦክሲጅን ጋር በድርብ የታሰረ ካርቦን) ጎን ለጎን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ ልክ ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ እንዳየነው። በአውሮፓ ለዚሁ ለትል ይሰጥ የነበረው የወንዴ ፈርን ሥርም የሚሠራው በፍሎሮግሉሲኖል ዘሮች ነው። ሁለት የማይገናኙ ዕፅዋት፣ በሁለት የማይገናኙ አገሮች፣ ለአንድ በሽታ፣ አንድ ዓይነት ቀለበት። ይህን ያየሁ ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በባትሪ ብርሃን ነበር የሳልኩት።

ይሁንና ኮሶን ጠጡ እያልኩ አይደለም። መጠኑ ከአበባ አበባ ይለያያል፣ ሲበዛ የዓይን ነርቭን እስከመጉዳት ይደርሳል። ክኒን አበባን የተካው ፈረንጅ ስለሠራው አይደለም፤ በእያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ስለሚታወቅ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል በኬሚስትሪ ተማሪ አፍ ሲነገር እንደ ኮሶ ይመረኛል።

ከአገር ዕፅዋት ሌላ አንድ ብቻ ልጨምር፤ እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ከዚያም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኬሚስትሪው ግን ብዙ አይወራለትም። ቀንድ አውጣውን የሚገድሉት ሳፖኒኖች (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጡ ውህዶች) የተገነቡት በኦሊያኖሊክ አሲድ ላይ ነው፣ ከመካከላቸውም በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም የተሰየመ ሌማቶክሲን አለ። ፍሬው ውስጥ ሳለ ሳፖኒኑ በሁለት ቦታ ስኳር ተሸክሟል፣ በዚያ መልኩም አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ሲዘፈዘፍ የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፣ ገዳዩም ያን ጊዜ ይወለዳል። በሜታኖል ከጨመቃችሁት ኢንዛይሙ ስለማይሠራ የምታገኙት ሰነፉን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት አንድ ቅጠል ይዛችሁ ቀጥታ ወደ ሜታኖል የምትሮጡ ሁሉ፣ እናቶቻችን ለምን ውሃ እንደመረጡ አንድ ጊዜ ጠይቁ።

ስለ ኮምፒውተሩ ሥራ አጭር ቃል። አውቶዶክ ቪና (አንድ ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ በቁጥር የሚገምት ፕሮግራም፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ይሻላል) ነጻ ስለሆነ ሁላችንም እየሠራንበት ነው፤ የፕሮቲኖቹን ቅርጽ ኔትወርክ ሲገኝ አውርዶ ማስቀመጥ፣ ስሌቱን ማታ ማስነሳት ይቻላል። ግን ፕሮግራሙ የማንኛውንም ሞለኪውል ስም ሳይጠይቅ ቁጥር ይሰጣል። −7.4ን ከ−7.9 ጋር አወዳድሮ «የእኔ የተሻለ ነው» ማለት ከንቱ ነው፤ የስሌቱ ስህተት ራሱ ከ2 ኪሎ ካሎሪ ይበልጣል። እኔ አሁን የያዝኩት ልማድ በመጀመሪያ በፕሮቲኑ ክሪስታል ውስጥ የነበረውን የታወቀ ሞለኪውል አውጥቶ እንደገና ማስገባት ነው። ከ2 አንግስትሮም (የአቶም ስፋትን የምንለካበት መለኪያ) ባነሰ ልዩነት ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሌላውን ሁሉ አልሞክርም።

በዚህ ሴሚስተር የተያያዝኩት ስቴሪዮኬሚስትሪን (አቶሞች በሞለኪውል ውስጥ ወዴት እንደሚዞሩ የሚያጠናውን) ነው፤ ምሳሌዬም የቢልሃርዚያ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል። ክኒኑ የቀኝና የግራ እጅ ቅጂዎች እኩል ድብልቅ ነው፤ ትሉን የሚያጠቃው አንደኛው ብቻ ሲሆን ሌላው ምሬቱን ያከፋዋል፣ ልጆች የሚተፉትም ለዚህ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚነጣጠሉ አነበብኩ፣ እጄ ላይ ባለው ዕቃ ግን መሥራት አይቻልም። የሚቻለው ስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን በተቀባ ሳህን ላይ የመለየት ዘዴ) ነው፤ የተገዛው ሳህን ስላለቀ በመስታወት ላይ ሲሊካና ጀሶ ቀብተን ልንሠራ አስበናል። ከእናንተ መካከል በራሱ የሠራ ካለ የጀሶውን መጠንና በስንት ዲግሪ እንዳደረቀው ይጻፍልኝ፤ የእኛ ምድጃ ከ110 በላይ አይወጣም።