ያልተነበበው የጎማ ቁጥር

ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ ሠራተኞችን ለምታመላልሰው ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ አራት አዳዲስ ጎማዎች ተገዝተው ተገጠሙላት። በሦስተኛው ቀን አንጋፋው ሾፌራችን ቢሮዬ ድረስ መጡና፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና አላማረችኝም፤ በአጋሮ መንገድ ሰው ሞልታ ኩርባ ስትይዝ፣ መሪውን ከመለስኩ በኋላ እንኳ ኋላዋ ይወዛወዛል» አሉኝ። እኔ ጎማው አዲስ ነው በሚል አሞርዛተሩን፣ ማለትም የመኪናዋን ንዝረት የሚያበርደውን ክፍል፣ ጠረጠርኩና ሁለቱንም የኋላ አሞርዛተሮች አስቀየርኩ፤ መወዛወዙ ግን አልቀነሰም።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ጎሚስታ ይዘናት ሄድን። ጎሚስታው የኋላውን ጎማ ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን በጠመኔ አደመቀልኝ። ስፋቱ 195፣ የቸርኬው ልክ 15፤ ይህ ከአሮጌው ጎማ ጋር አንድ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን 96 ሲሆን፣ በአሮጌው ላይ የነበረው 106 እና የጭነት ጎማ መሆኑን የሚያመለክተው «ሲ» ፊደል የሉም። 96 አንድ ጎማ ቢበዛ 710 ኪሎ ግራም፣ 106 ደግሞ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች አቅም ከ1,900 ወደ 1,420 ኪሎ ግራም ወርዶ ነበር። በግዥ መጠየቂያው ላይ «195 በ15» ብቻ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ነፋሱም ሲለካ አራቱም ጎማዎች 30 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሆነው ተገኙ፤ ለቤት አውቶሞቢል የሚበቃው ይህ ልክ ለተጫነ ሚኒባስ የኋላ እግር እጅግ ያንሳል። ጎኑ የሳሳና ነፋሱ ያነሰ ጎማ ኩርባ ላይ መጀመሪያ ራሱ ወደ ጎን ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ቁመተ ረጅሙ አካል ዘግይቶ ይከተለዋል፤ ሾፌራችን በመሪው ላይ የተሰማቸው ይህ መዘግየት ነበር። በዚያ ላይ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ የጋለ ጎማ ደግሞ በረጅም ጉዞ ሊፈነዳ ይችላል። ከልክ በላይ መንፋትም መፍትሔ አይደለም፤ መንገዱን በአብዛኛው የሚነካው የጎማው መሐል ስለሚሆን እርጥብ መንገድ ላይ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ዝናብ በማይለያት ጅማ ይህ ያሳስበኛል።

«ሲ» ያለባቸውን ጎማዎች አስገጠምን፤ ነፋሱንም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ሳይግል በማለዳ አስሞላን። ሾፌራችን አጋሮ ደርሰው ሲመለሱ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣ «አሁን መሪውን ትሰማለች» አሉኝ። የወጡት አሮጌ አሞርዛተሮች ሲፈተሹ አንዳችም ጉድለት አልተገኘባቸውም።